ብድሩ ለማን ይሰጥ? የሕዝብ ገንዘብ አዳዲስ ሥራዎችን ሲመርጥ የኖረበት መንገድ

ከአንድ የግብርና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ፣ ዳንግላ

የዩኒየናችን የምሥረታ በዓል መጽሔት ሲዘጋጅ አብዛኛው ጽሑፍ ስለ ተሠራጨው ማዳበሪያ፣ ስለ ተሰበሰበው በቆሎና ስለ ተከፋፈለው ትርፍ እንደሚሆን ይታወቃል። ይህም ተገቢ ነው። እኔ ግን በዚህ አጋጣሚ አባላት በጠቅላላ ጉባኤም፣ በቡና ላይም፣ በገበያ መንገድም ዘወትር የሚያነሱትን አንድ ጥያቄ ይዤ ታሪኩን ወደ ኋላ መለስ ብዬ ለማየት ፈለግሁ። ጥያቄው፣ የሕዝብ ገንዘብ ለአዲስ ሥራ ማስጀመሪያ ሲሰጥ ለማን ይሰጣል? መራጩስ በምን ሚዛን ይመዝናል? የሚል ነው።

ጉዳዩ ለእኛ አካባቢ የዋዛ አይደለም። የአባት መሬት ለልጆች ሲከፋፈል እያነሰ መጥቶ ዛሬ በየቀበሌው ትምህርቱን የጨረሰ፣ ጉልበት ያለው፣ ነገር ግን የሚያርሰው መሬት ያልደረሰው ወጣት ብዙ ነው። ይህ ወጣት ከብት ማድለብ፣ ወተት ማቀነባበር፣ ንብ ማነብ፣ ወፍጮ መትከል ያስባል። መነሻ ገንዘብ የለውም። አንዱ ተፈቅዶለት ሌላው ሲከለከል ደግሞ ምክንያቱ ስለማይነገር «ሰው ስላለው ነው» ይባላል። ሚዛኑ ካልታወቀ ሐሜቱ ይበዛል፤ ሐሜት ባለበት ደግሞ ብድሩን የሚመልስ ይቀንሳል። ስለዚህ ሚዛኑ ከየት እንደመጣ ማወቅ ለአባላትም ሆነ ለወረዳና ለቀበሌ አመራሮች ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት «እ.ኤ.አ.» ካልተባለ በስተቀር በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

«ምን አለህ?»

ባንክ ከመምጣቱ በፊት ሰው ሥራ የሚጀምረው በዘመድ፣ በእቁብ፣ በወንፈልና በደቦ ነበር። በእኛ በአዊ በ1932 የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበርም ቢሆን በፈረስ ጉግሥ ብቻ ሳይሆን በመረዳዳት የሚታወቅ ነው። በዚህ ዓይነቱ መረዳዳት መራጩ ጎረቤት ነው። ጎረቤት ደግሞ ሰውየው ታታሪ ይሁን ሰነፍ፣ ቃሉን የሚጠብቅ ይሁን የሚያጥፍ፣ ወረቀት ሳያይ ያውቃል።

መንግሥት ለልማት ገንዘብ የሚያቀርብ ተቋም ማቋቋም የጀመረው በአፄ ምኒልክ ዘመን ነው። የዛሬው የኢትዮጵያ ልማት ባንክ ታሪኩን የሚቆጥረው እ.ኤ.አ. በ1909 ለእርሻና ለንግድ ልማት ከተቋቋመው ማኅበር ጀምሮ ነው። ከጣሊያን ወረራ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1945 የእርሻ ባንክ ተቋቋመ። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1950 የዓለም ባንክ ለኢትዮጵያ ብድር ሲፈቅድ 5 ሚሊዮን ዶላሩ ለመንገድ፣ 2 ሚሊዮን ዶላሩ ደግሞ ለልማት ባንክ ማቋቋሚያ ነበር። የልማት ባንኩም እ.ኤ.አ. በ1951 ሥራ ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1970 ደግሞ ከኢንቨስትመንት ኮርፖሬሽን ጋር ተዋህዶ የእርሻና ኢንዱስትሪ ልማት ባንክ ተባለ።

የዚያ ዘመን ሚዛን አንድ ነበር፦ ምን አለህ? መያዣ የሚሆን ንብረት ያለው ይበደራል፣ የሌለው አይበደርም። በዚህም ምክንያት የእርሻ ብድሩ በአብዛኛው የሄደው ትራክተር ወደሚያሰማሩ ትላልቅ ባለእርሻዎች ነው። በጎጃምና በአገው ምድር መሬቱ ርስት ነበር። ርስት የዘር ማንዘር እንጂ አንድ ሰው ብቻውን ለባንክ አስይዞ የሚበደርበት ንብረት አልነበረም። ስለሆነም የእኛ አባቶች መሬት እያላቸው በባንኩ ዓይን ምንም እንደሌላቸው ይቆጠሩ ነበር።

ይህን ለማሻሻል የተሞከረው በ1960 መባቻ በስዊድን እርዳታ በአሰላ በተቋቋመው በጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት፣ በተለምዶ «ካዱ» በሚባለው ነው። ካዱ ለአነስተኛ ገበሬ የዘርና የማዳበሪያ ብድር ሰጠ። እ.ኤ.አ. በ1971 የተጀመረው ሚኒመም ፓኬጅም ይህንኑ ወደ ሌሎች አካባቢዎች አስፋፋ። ነገር ግን ጭሰኛው ብድር ለማግኘት ከባለመሬቱ ጋር የተፈራረመበት ውል እንዲያቀርብ ይጠየቅ ነበር። ባለመሬቱ አልፈርምም ካለ ብድሩ ቀረ። የእርሻው ትርፍ ሲታይ ደግሞ አንዳንዱ ባለመሬት ጭሰኛውን አስነሥቶ በትራክተር ራሱ ማረስ ጀመረ። ከዚህ የምንማረው፣ ሚዛኑ በወረቀት ላይ ለድሃው የተዘጋጀ ቢሆንም የመጨረሻው ፊርማ በማን እጅ እንዳለ ካልታየ ገንዘቡ ወዳልታሰበበት እንደሚሄድ ነው።

«በምን ተደራጅተሃል?»

የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሲሆን የባለመሬቱ ፊርማ አብሮ ቀረ። ይህ ትልቅ ለውጥ ነበር። ሆኖም በምትኩ ሌላ ጥያቄ መጣ፦ በምን ተደራጅተሃል?

በደርግ ዘመን ብድር፣ ማዳበሪያና የመሣሪያ አቅርቦት በቅድሚያ የሚሰጠው ለመንግሥት እርሻዎችና ለአምራቾች የኅብረት ሥራ ማኅበራት ነበር። ማኅበራቱም መልባ፣ ወልባ እየተባሉ በደረጃ ተከፋፍለው ነበር። የባንክ ወለድም ቢሆን ለኅብረት ሥራ ማኅበር ዝቅ ያለ፣ ለግለሰብ ከፍ ያለ ነበር። እዚህ ላይ ሥራው ያዋጣል ወይ የሚለው ጥያቄ ሁለተኛ ሆነ። ምርቱ በእርሻ ሰብል ገበያ ኮርፖሬሽን በተቆረጠ ዋጋ ስለሚወሰድም የሥራው ትርፋማነት ሊታይ አይችልም ነበር።

ውጤቱን ሁላችንም ከአባቶቻችን ሰምተናል። በ1982 መንግሥት ቅይጥ ኢኮኖሚን ሲያውጅና ገበሬው ከማኅበሩ መውጣት እንደሚችል ሲነገር፣ አብዛኞቹ የአምራቾች ማኅበራት በአጭር ጊዜ ውስጥ ፈረሱ። በሬውና ማረሻው ወደየቤቱ ተመለሰ። ይህ የሆነው ኅብረት ሥራ መጥፎ ስለሆነ አይደለም፤ ብዙዎቹ የተደራጁት ፈልገው ሳይሆን ለመደራጀት ተብሎ ስለነበረ ነው። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚባለው ድሩ ራሱ ፈልጎ ሲያብር ነው።

በታኅሣሥ 1991 የወጣው የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 147 ይህን ትምህርት የያዘ ነበር። አባልነት በፈቃደኝነት ሆነ፤ ዕጣው ቢበዛም ቢያንስም አንድ አባል አንድ ድምፅ እንዲኖረው ተደረገ፤ ከተጣራው ትርፍም ለመጠባበቂያ እንዲቀመጥ ተደነገገ። ዩኒየኖች በየአካባቢው የተስፋፉትም ከዚህ አዋጅ በኋላ ነው። አዋጁ በ2009 በአዋጅ ቁጥር 985 ተተክቷል።

«ማን ይዋስሃል?»

ከ1980ዎቹ አጋማሽ በኋላ የሕዝብ ገንዘብ ወደ ገበሬው የመጣው በሁለት ቦይ ነው።

የመጀመሪያው የማዳበሪያና የምርጥ ዘር ብድር ነው። እዚህ ላይ ዋሱ የክልሉ መንግሥት በጀት ነበር። ንግድ ባንክ ያበድራል፤ ገበሬው ካልመለሰ ከክልሉ በጀት ላይ ይቆረጣል። በዚህ አሠራር ብድሩ በስፋት ደረሰ፤ ምርትም ጨመረ። ነገር ግን ማንም ለእያንዳንዱ ገበሬ «ይህ ለአንተ ያዋጣል ወይ?» ብሎ አልመዘነም፤ ፓኬጁ ለሁሉም አንድ ነበር። በ1993 እና በ1994 የበቆሎ ምርት ሞልቶ ዋጋው ሲወድቅ ብዙ ገበሬ ዕዳውን ለመክፈል ተቸገረ፤ በሬ የሸጠም ነበር። በቀጣዩ ዓመት የማዳበሪያ ፍላጎት ቀነሰ። ችግሩ የማዳበሪያው አልነበረም፤ አበዳሪው ምርቱን እንጂ ገዢውን ባለማየቱ ነው። ዩኒየኖች በቆሎ ገዝቶ ማከማቸትን እንደ ዋና ሥራ የያዙት ከዚህ ተሞክሮ በመነሣት ጭምር ነው።

ሁለተኛው ቦይ የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም፣ ማለትም አብቁተ ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 በአመልድ ሥር ተጀምሮ፣ የአነስተኛ ፋይናንስ አዋጅ ቁጥር 40 ከወጣ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1997 ፈቃድ አግኝቶ አክሲዮን ማኅበር ሆነ። መጀመሪያ ላይ የብሔራዊ ባንክ መመሪያ ከ5,000 ብር በላይ ማበደርን ስለማይፈቅድ ብድሩ ትንሽ ነበር። መያዣ አይጠየቅም። በምትኩ ተበዳሪዎች በቡድን ተዋስተው፣ የቀበሌው የብድርና ቁጠባ ኮሚቴ «ይህ ሰው ነዋሪ ነው፣ ሠራተኛ ነው፣ የሰው ገንዘብ አይበላም» ብሎ ይመሰክር ነበር። የጎረቤት ዓይን እንደገና ሚዛን ሆነ ማለት ነው። ይህ አሠራር ባንክ ደጃፍ ረግጠው ለማያውቁ ሴቶችና ድሆች በር ከፍቷል። ተቋሙም አድጎ እ.ኤ.አ. በ2022 ፀደይ ባንክ ሆኗል።

ጉድለቱም መነገር አለበት። የቡድን ዋስትና የታወቀ ሥራን እንጂ አዲስ ሥራን አያበረታታም። በግ ገዝቼ አደልባለሁ የሚለውን ጎረቤት ይዋሰዋል። እንጉዳይ ላመርት ወይም የድንች ችግኝ በዘመናዊ መንገድ ላባዛ የሚለውን ግን «ቢከስር ዕዳው በእኛ ይመጣል» ብሎ ይሸሻል። ከዚህም ሌላ የመሬት ድርሻ የሌለውንና ገና ስም ያላፈራውን ወጣት ለመዋስ የሚደፍር ጥቂት ነው።

«ዕድሜህ ስንት ነው? ዘርፍህስ?»

የወጣቱ ሥራ አጥነት እየከበደ ሲመጣ መንግሥት ሌላ ሚዛን አወጣ። በ2009 መጀመሪያ የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ እንደሚቋቋም ተነገረ፤ በዚያው ዓመትም በአዋጅ ቁጥር 995 አሥር ቢሊዮን ብር ተመደበለት። ገንዘቡን ኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ይዞ በየክልሉ ባሉ አነስተኛ የፋይናንስ ተቋማት በኩል እንዲያልፍ ተደረገ። ተጠቃሚው ከ18 እስከ 34 ዓመት የሆነ፣ የተደራጀና የንግድ ሥራ ዕቅድ ያቀረበ ወጣት ነው። ለመሣሪያ ደግሞ ልማት ባንክና በክልላችን ዋልያን የመሳሰሉ የካፒታል ዕቃ አቅራቢዎች መጡ። በእነዚህ አሠራር ተበዳሪው የዋጋውን 20 በመቶ ሲያቀርብ ተቋሙ 80 በመቶውን ሸፍኖ ማሽኑን ገዝቶ ይሰጣል። ማሽኑ ራሱ መያዣ ስለሚሆን ቤትና መሬት ለሌለው ሰው ጥሩ መንገድ ነው።

እኛ በታች ያለን ባለሙያዎች የምናየው ግን ሚዛኑ ሁለት ነገር በአንድ ላይ ሲለካ ነው። አንደኛው ሥራው ያዋጣል ወይ ነው፤ ሁለተኛው ዘንድሮ ስንት ወጣት ተደራጀ የሚለው የዕቅድ ቁጥር ነው። ሁለቱ ሲጋጩ ብዙ ጊዜ የሚያሸንፈው ቁጥሩ ነው። ከዚያም የማይተዋወቁ አምስት ልጆች ለብድር ሲባል አንድ ማኅበር ይሆናሉ፤ የአንዱ ማኅበር የንግድ ሥራ ዕቅድ ስሙ ብቻ ተቀይሮ ለሌላው ይቀርባል፤ ብድሩ እንደተለቀቀ ማኅበሩ ይከፋፈላል። ማንም ክፉ ስላሰበ አይደለም፤ የምንለካው በምንቆጥረው ስለሆነ ነው።

ትልቁም ገንዘብ ከዚህ ችግር አላመለጠም። ልማት ባንክ በዝናብ ለሚለሙ ሰፋፊ የንግድ እርሻዎች፣ በተለይም በጋምቤላ፣ ብዙ ገንዘብ ካበደረ በኋላ የአንዱ መሬት በሌላው ላይ ተደርቦ መሰጠቱና ብድሩ ላልተባለው ዓላማ መዋሉ ተገኝቷል። እ.ኤ.አ. በ2018 ላይ በጊዜው ያልተመለሰው የባንኩ ብድር 40 በመቶ ገደማ ደርሶ ነበር። ባለትልቅ መያዣውም ባለትልቅ ዕቅዱም ሊወድቅ ይችላል ማለት ነው።

ማንም ያልመረጠው ሥራ

ከዚህ ሁሉ ጋር ማስተያየት ያለብን በደጃችን የሆነ አንድ ነገር አለ። እሱም ዲከረንስ ነው። በፋግታ ለኮማና በአጎራባች ወረዳዎች ገበሬው የደከመና አሲዳማ የሆነ መሬቱን በዲከረንስ ችግኝ ሸፍኖ፣ በችግኙ መካከል መጀመሪያ ጤፍ ዘርቶ፣ ቀጥሎ ሣር አጭዶ፣ ከአራትና ከአምስት ዓመት በኋላ ከሰል አክስሎ ወደ ባሕር ዳርና ወደ አዲስ አበባ መላክ ጀመረ። በዚህ ሥራ ላይ ችግኝ የሚያፈላው፣ የሚያከስለው፣ የሚጭነው፣ የሚደልለው ሁሉ እንጀራ አገኘ። ይህን ሥራ «ቅድሚያ የሚሰጠው ዘርፍ» ብሎ አስቀድሞ የመረጠው የብድር ኮሚቴ አልነበረም። ገበሬው በትንሽ መሬት ሞከረ፤ ጎረቤቱ አየ፤ ገዢው በመኪና መጣ።

ዲከረንስ ስጋት የለውም ማለቴ አይደለም። አንድ ዓይነት ዛፍ አካባቢን ሲሸፍን በሽታ እንደሚያሰጋው በቅርብ ዓመታት ታይቷል፤ የእህል መሬትም ይሻማል። ነገር ግን ለአበዳሪ የሚሆን ትምህርት አለው። ይህ ሥራ የመጣው በዝርዝር ውስጥ ካለ ዘርፍ ሳይሆን ከሙከራ፣ ከገዢና ከመንገድ ነው።

ሌላው ዓለምስ?

ጥያቄው የእኛ ብቻ አይደለም። በጀርመን ራይፋይዘን የተባለው የአንድ ወረዳ አስተዳዳሪ እ.ኤ.አ. በ1864 የገጠር ብድር ማኅበር ሲያቋቁም፣ ብድሩ በአንድ አካባቢ በሚተዋወቁ ሰዎች መካከል ብቻ እንዲሆንና አባላቱ ለዕዳው በጋራ እንዲጠየቁ አድርጎ ነበር። የእኛ የቁጠባና ብድር ማኅበራት ዘራቸው ከዚያ ነው።

በናይጄሪያ ደግሞ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣቶች የንግድ ዕቅድ ውድድር አዘጋጅቶ 24 ሺህ ያህል አመልካቾች ቀረቡ፤ 1,200 አሸናፊዎችም በአማካይ ወደ 50 ሺህ ዶላር የሚጠጋ ገንዘብ ተሰጣቸው። እጅግ የላቁት በነጥብ ተመረጡ። ከቀሩት ብቁዎች ግን ብዙዎቹ የተለዩት በዕጣ ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ ሲጠና አሸናፊዎቹ ሥራቸውን ያቆዩና ሰው የቀጠሩ ሆነው ተገኙ። የሚገርመው ግን ዳኞቹ የሰጡት ነጥብ ከብቁዎቹ መካከል ማን የበለጠ እንደሚያድግ ብዙም ሊተነብይ አለመቻሉ ነው። በአገራችን በተደረገ ሌላ ጥናት የፋብሪካ ሥራ ለሚፈልጉ ሰዎች ወደ 300 ዶላር የሚጠጋ ገንዘብና ሥልጠና ተሰጥቶ፣ ከአንድ ዓመት በኋላ ገቢያቸው በ33 በመቶ በልጦ ታየ። ከአምስት ዓመት በኋላ ግን ካልተሰጣቸው ጋር እኩል ሆኑ።

ከሁለቱ የሚወሰደው ትምህርት ግልጽ ነው። ማንም ኮሚቴ፣ የተማረም ቢሆን፣ ወደፊት ማን እንደሚያድግ በእርግጠኝነት አያውቅም። ደካማውን መለየት ይቻላል፤ ከጠንካሮቹ መካከል አንደኛውን መለየት ግን ከባድ ነው። ደግሞም ገንዘብ ብቻውን አንድ ጊዜ ተሰጥቶ ሲቀር ጥቅሙ ይደበዝዛል።

ለዩኒየናችን

ዩኒየናችን ባንክ አይደለም። ነገር ግን በመጠባበቂያው፣ በዕጣ ካፒታሉና በሚሰጠው ምስክርነት እሱም መራጭ ነው። ስለዚህ የበዓሉን ምክንያት በማድረግ ለጠቅላላ ጉባኤው አራት ሐሳብ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ከዘርፍ በፊት ገዢ ይጠየቅ። ወተት እሸጣለሁ የሚል ሰው በዐቢይ ጾም ወተቱን ምን እንደሚያደርግ ይንገረን። ቅቤ አወጣለሁ ወይም አይብ አደርጋለሁ ካለ አስቦበታል ማለት ነው። ዘመናዊ ቀፎ የሚፈልግም ሰሙንና የማር መጭመቂያውን ከየት እንደሚያገኝ ይጠየቅ። መንገድና ገበያ በጸጥታ ችግር ሲዘጋ ምን እንደሚያደርግም እንዲሁ።

ሁለተኛ፣ በትንሹ ተጀምሮ በሥራ ይመዘን። አምስት በግ ያደለበ አሥር ይበደር፤ አሥሩን የመለሰ ሃያ። ከሃምሳ ገጽ ዕቅድ ይልቅ የአንድ ዙር የሽያጭ ደብተር ይበልጣል።

ሦስተኛ፣ የዋስትናው ዓይነት ይስፋ። ከ1995 ጀምሮ በክልላችን የተሰጠው የመሬት ይዞታ ደብተር፣ በ2009 የወጣው የክልሉ የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 252 እና እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው የተንቀሳቃሽ ንብረት ዋስትና አዋጅ ቁጥር 1147 የመሬት መጠቀም መብትን፣ ከብትንና ሰብልን ለብድር ዋስትና ለማዋል መንገድ ከፍተዋል። አባላት ይህን መብት እንዲያውቁ፣ ከመፈረማቸው በፊትም አደጋውን እንዲረዱ ማስተማር የእኛ የባለሙያዎች ሥራ ነው። «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» እንዳይሆን።

አራተኛና ዋናው፣ ውሳኔው ከነምክንያቱ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። የተፈቀደለትም የተከለከለውም ምክንያቱን ይወቅ። ብቁ ሆነው እኩል የወጡ ሰዎች በዝተው ገንዘቡ ካነሰ በሕዝብ ፊት ዕጣ ቢወጣ ነውር የለውም፤ ሰው በዕጣ ቢቀር ያዝናል እንጂ አይቀየምም።

አንድ ነገር ግን መቀበል ይኖርብናል። በዚህ ሁሉ ጥንቃቄም ቢሆን ከአሥሩ ጥቂቶቹ ይከስራሉ። አንድም ሳይከስር ሁሉም ብድር ከተመለሰ ምናልባት ያበደርነው ሳንበደርም ለሚሠራው ሰው ነው። ሁሉም ከከሰረ ደግሞ የጠፋው የአባላት ላብ ነው። የሕዝብ ገንዘብ አያያዝ የሚፈተነው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው። አባቶቻችን ምን አለህ፣ በምን ተደራጅተሃል፣ ማን ይዋስሃል እየተባሉ ተመዝነዋል። ልጆቻችን ደግሞ «ሥራውን ታውቀዋለህ? ማንስ ይገዛሃል?» ተብለው ቢመዘኑ የተሻለ ይሆናል።

ለመላው የዩኒየናችን አባላትና ቤተሰቦች መልካም የምሥረታ በዓል ይሁንላችሁ!